መሪጌታና የቡሬው ስክሪን

በፍኖተ ሰላም ስለ ፊልም ድምፅ ክርክር ከተነሳ ዳኛው ሌላ ሰው አይደለም፤ መሪጌታ ዘሚካኤል ናቸው። በደብራችን ማኅሌት ይመራሉ፣ ለተማሪዎቻቸው ዜማ ያስተምራሉ፣ ከዚህ ሁሉ በተረፈቻቸው ሰዓት ደግሞ ቪዲዮ ቤት ይገባሉ። "መሪጌታና ፊልም ምን አገናኘው?" ለሚል ሐሜተኛ መልሳቸው ዝግጁ ነው። "እኔ የምገባው ለድምፁ ነው። ዓይኔንማ ጨፍኜ ነው የምቀመጠው" ይላሉ።

እውነታቸውን ነው፣ ይጨፍናሉ። አንድ ቤት ሲመረምሩ ሁለት ቀን ይገባሉ። በመጀመሪያው ቀን ዓይናቸውን ጨፍነው ድምፁን ብቻ ይሰማሉ፤ በሁለተኛው ቀን ጆሯቸውን በጥጥ ደፍነው ሥዕሉን ብቻ ያያሉ። "ዓይንና ጆሮ አብረው ከገቡ አንዱ ለአንዱ ይዋሻል" ባይ ናቸው። እኔ ፎቶ ቤት ስላለኝ ስለ ሥዕል ያውቃል ብለው ያምናሉ፤ ስለዚህ ለምርመራ ሲወጡ አስከትለውኝ ይሄዳሉ። "ቀዩ በዝቷል፣ ሰዎቹ ሁሉ በርበሬ ሲደልዙ የዋሉ ይመስላሉ" ስል በሰው ፊት ራሳቸውን ይነቀንቁልኛል። አልዋሽም፣ ደስ ይለኛል።

ይህ አመል የጀመራቸው የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። ልጃቸው ያምሮት አዲስ አበባ ወስዳ ትልቁን ስክሪን አሳየቻቸው። በፊልሙ መሃል አንድ ሰው ከኋላቸው ቢያስል፣ ዞር ብለው "ልጄ፣ እባክህ፣ ሰው እየሰማ ነው" ብለው ገሠጹት። ከኋላቸው የነበረው ባዶ ወንበር ነው። ያሳለው ግድግዳው ላይ ያለው ስፒከር ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ያፍር ነበር፤ መሪጌታ ግን ያን ቀን እንቅልፍ አጡ። ሲመለሱ ፎቶ ቤቴ ገብተው ገና ሳይቀመጡ "ያ ቤት ማኅሌት ያውቃል!" አሉኝ። "ቀኝ አለው፣ ግራ አለው። አንዱ ይመራል፣ አንዱ ይቀበላል። የኛዎቹ ቪዲዮ ቤቶች እኮ ሁሉንም በአንድ አፍ ነው የሚጮኹት።"

ልክ ነበሩ። የኛው ታከለ ቪዲዮ ቤት ያለው ስፒከር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በስተግራ ጥግ የተቀመጠ፣ ቁም ሣጥን የሚያህል ነገር ነው። ታከለ ግን አያፍርም። "ከዓባይ ወዲህ እንደኔ ያለ ቤት የለም" እያለ ይፎክራል። ስክሪኑ የተሰፋ አቡጀዲ ስለሆነ፣ ስፌቱ መሃል ላይ ሲደርስ ቆንጆዋም ሽፍታውም አፍንጫቸው ለሁለት ይከፈላል።

ነገሩ የተነሳው ባለፈው መስከረም ነው። የመሪጌታ የቀድሞ ተማሪ ወንዳወቅ ቡሬ ላይ አዲስ አዳራሽ ከፈተ። ወንዳወቅ ድጓ ጀምሮ ከመሃል ያቋረጠ ልጅ ነው። ሲሄድ መሪጌታ አልረገሙትም፤ "ትምህርቱን ብትተወውም ጆሮህን አትተወው" ብለው ሸኙት። እሱም አልተወውም። የበቆሎ መጋዘን ተከራይቶ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚደርስ ስክሪን ሰቅሎ፣ ስፒከሮቹን ልክ እንደ ማኅሌት ቆሚዎች በቀኝና በግራ ፊት ለፊት አቆማቸው። ሁለት ደግሞ ከኋላ ጨመረ። ከዚያ ፍኖተ ሰላም መጥቶ ጉልበት ስሞ "የኔታ፣ ከታከለ ቤት ጋር አነጻጽረው ይፍረዱኝ። የእርስዎ ቃል ካለኝ ሌላ ማስታወቂያ አልፈልግም" አላቸው። ያለውን ሁሉ እዚያ ቤት ላይ እንዳፈሰሰ ከፊቱ ይነበብ ነበር።

ሄድን። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። መሪጌታን መሃል ላይ አስቀመጧቸው፤ አገጫቸውን መቋሚያቸው ላይ አሳርፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ፊልሙ ሲጀምር ከስክሪኑ በስተቀኝ ፈረሶች ብቅ አሉ። ኮቴያቸው ከቀኝ ግድግዳ ተነስቶ፣ በራሳችን ላይ አልፎ፣ በግራ ወጣ። አጠገቤ የተቀመጠው ዳኘው የሚባል የሽንዲ ገበሬ ደንግጦ እግሩን ሰበሰበ። እኔ በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ወደ መሪጌታ ብዞር ግን ፊታቸው ጠቁሯል።

ፊልሙ ሲያልቅ ተነሱ። "ወንዳወቅ፣ ልጄ" አሉ፣ "ቀኝህ ተኝቷል። ፈረሱም፣ ጥይቱም፣ ሁሉም ከግራ ነው የሚመጣው። ከዚህስ የታከለ አንድ ሣጥን ይሻላል፤ እሱ ቢያንስ ሁለት ነኝ ብሎ አይዋሽም።"

እኔ የቀኙን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ግን መሪጌታን በድምፅ ጉዳይ ማን ይከራከራል? "አዎ፣ ትንሽ ግራው በዝቷል" አልሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ዳኘውም ያን ያህል ደንግጦ ሲያበቃ "እኔም ጠርጥሬ ነበር" ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ሁሉም ነቀነቀ።

ወንዳወቅ ሳምንቱን ሙሉ ስፒከር ሲያወርድና ሲሰቅል ከረመ። ከባሕር ዳር ባለሙያ አስመጣ። ባለሙያው "ምንም ጉድለት የለበትም" ቢለው "የኔታ የሰሙትን አንተ ልታስተባብል?" ብሎ አባረረው። በመጨረሻ የቀኙን ሽቦ ወደ ግራ፣ የግራውን ወደ ቀኝ አዙሮ ቀጠለው። ከዚያማ ጉድ ፈላ። መኪናው በቀኝ ሲመጣ ጡሩምባው በግራ ይሰማል፤ ተመልካቹ አንገቱን ወዲያና ወዲህ ሲያዞር ውሎ ማጅራቱን ያመዋል። የቡሬ ሰው ሳቀበት፣ ቀጥሎም መምጣቱን ተወ። ታከለ በበኩሉ በሩ ላይ "በመሪጌታ ጆሮ የተመሰከረለት" ብሎ በቀይ ቀለም ጻፈ። በዚያ በኩል ባለፍሁ ቁጥር ድንጋይ አንሳ አንሳ ይለኝ ነበር።

ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። ታቦቱ ወጥቶ፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ሆና፣ በደብሩ ግቢ ወረብ ተጀመረ። መሪጌታ በሁለቱ ሰልፍ መካከል ከራስጌ ቆመዋል። ቀኞቹ መምራት ሲጀምሩ፣ መሪጌታ መቋሚያቸውን መሬት ላይ መታ አድርገው ወደ ግራዎቹ ዞሩ።

"ግራዎች! የሰው ተራ ምን አስነጠቃችሁ?"

በግራው ሰልፍ ፊተኛ የነበሩት አባ ገብረሰንበት ናቸው። በጣታቸው የገዛ አፋቸውን አመለከቱ። አፋቸው ግጥም ብሏል። መሪጌታ ሰልፉን እስከ ዳር አዩት፤ ከግራዎቹ አንድም ከንፈር የሚያንቀሳቅስ ሰው የለም። ዜማው ግን ለእሳቸው በዚያው በኩል ይሰማል። ፊታቸውን ወደ ኋላ አዞሩ፤ ዜማውም አብሯቸው ዞረ። ያን ጊዜ የሰውየው ፊት አመድ ሲመስል አየሁ፤ አንጀቴን በላኝ።

ወረቡ እንዳለቀ ወደ ቤታቸው ተከተልኋቸው። ገና ሳይቀመጡ "ጥጡ ነው!" አሉ። "ከሥዕል ምርመራ የቀረ ጥጥ ይኖራል። አምጣ መብራትህን።" እኔ በስልኬ እያበራሁ፣ ባለቤታቸው እሜቴ ተናኜ ጆሯቸውን ወዲያና ወዲህ እየሳቡ አየን። ምንም የለም።

"ጥጥ አይደለም" አሉ እሜቴ ተናኜ ቀስ ብለው። "በሐምሌ ያ ትኩሳት ከያዘዎ ወዲህ በቀኝዎ አይሰሙም። እኔ አውቀዋለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ነገርሁዎ እኮ። በቀኝዎ ሆኜ ነበር።"

ሳቄን ልውጠው ብዬ ልታነቅ ነበር። መሪጌታ ግን አልሳቁም።

"ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ፣ ገበያ ስንሄድ፣ ከዚያ ወዲህ በግራዎ የምሄደው ለምን ይመስልዎታል?" አሉ እሜቴ ተናኜ። "ብደጋግመው ያዝናሉ ብዬ ተውሁት።"

ሐኪሙም ያንኑ ነው ያለን፤ የቀኙ አይመለስም። ለመሪጌታ ጆሮ ማለት እንጀራም ስምም ነው። እውነቱን ቢናገሩ "በአንድ ጆሮ ማኅሌት ይመራል ወይ?" የሚል አይጠፋም። ዝም ቢሉ ደግሞ የወንዳወቅ ቤት ሊዘጋ የቀረው ጥቂት ነው። እኔ ፈሪው "ዝም ቢሉስ የኔታ? ሰው እንደሆነ ይረሳል" አልኋቸው። ቀና ብለው አዩኝና "እኔ እየሰማሁ ልርሳው?" አሉ።

ቡሬ ገበያ በሚቆምበት ቀን እሜቴ ተናኜን ጨምረን ሄድን። አዳራሹ ውስጥ ከሃያ ሰው አይበልጥም፤ ፊልሙ ተጀምሯል። መሪጌታ ቀጥ ብለው ሄደው ስክሪኑ ፊት ቆሙ። የፕሮጀክተሩ ብርሃን ስላረፈባቸው ፈረሶቹ በነጩ ጥምጣማቸው ላይ ይሮጣሉ። ወንዳወቅ ደንግጦ ድምፁን አጠፋው።

"ልጆቼ" አሉ፣ "በዚህ ቤት ቀኙ ተኝቷል ያልሁት እኔ ነኝ። የተኛው የእኔው ቀኝ ጆሮ ነው። ወንዳወቅ ያስተማርሁትን አንድም ሳያጎድል ሠርቷል፤ ያበላሸሁበት እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ፣ ልጄ።"

ከዚያ ከኋላ ዳኘው እጁን አወጣ። "መሪጌታ፣ እኔስ የዚያን ቀን የቀኙን ሰምቼው ነበር።" ሌላውም "እኔም" አለ። "እኔም።" እኔም አንገቴን ደፍቼ "እኔም" አልሁ።

መሪጌታ ተቆጡ። "ታዲያ ምነው ዝም አላችሁ?"

"እርስዎን አክብረን ነዋ!"

"ሁለተኛ እንዲህ አድርጋችሁ እንዳታከብሩኝ!" አሉና መቋሚያቸውን ወለሉ ላይ መቱ። ሳቁ ያን ጊዜ ነው የፈነዳው፤ ወንዳወቅ እያለቀሰም እየሳቀም ጉልበታቸው ላይ ወደቀ። ሰው ሁሉ እያየው መሰላል አምጥቶ ሽቦዎቹን ወደ ቦታቸው መለሰና ፊልሙን ከመጀመሪያው ጀመረው።

መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀመጡ። እሜቴ ተናኜ በዕድሜያቸው ፊልም ቤት ገብተው አያውቁም፤ በግራ በኩል ተጠግተው ወደ ጆሯቸው ማንሾካሾክ ያዙ። "ይኸው ከቀኝ መጡ... አሁን በላያችን አለፉ... ውይ! ከኋላችን ደግሞ ሰው ይስላል።" አንዱ "ዝም በሉ እንጂ እናቴ!" ሊል ሲል ወንዳወቅ አፉን ያዘው። መሪጌታ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሁሉንም ሰሙ። ከተጨፈነው ዓይናቸው እንባ ሲወርድ አይቻለሁ። እኔም አለቀስሁ፣ ምን ይደረጋል።

ማኅሌቱን አሁንም እሳቸው ናቸው የሚመሩት። የደብሩ አለቃ ቦታቸውን ወደ ቀኝ ዳር አዛወሩላቸው፤ እዚያ ሆነው ሁለቱንም ሰልፍ በግራ ጆሯቸው ይሰሙታል። የወንዳወቅ ቤት ሞልቷል። ታከለም በሩን ነጭ ቀለም ቀብቶታል፤ ቀዩ ግን ከሥር አልጠፋም።

ዛሬም "መሪጌታ፣ የትኛው ቤት ይሻላል?" የሚላቸው አለ። አንድ ቀን ቤቴ ተቀምጠው ሳለ ጠየቋቸው፤ እሜቴ ተናኜ በግራቸው ሆነው ጥጥ ይፈትላሉ።

"ሥዕሉን እነግራችኋለሁ" አሉ መሪጌታ። "የግራውንም እነግራችኋለሁ። የቀኙን ተናኜን ጠይቋት።"