የአራጌን ስም ማን ይጥራ?

በስልሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ድርቁ የራያን ቆላ ሲያራቁተው፣ ቆቦ በሚገኝ አንድ የእህል መጋዘን በር ላይ ስም የሚያመሳክር ሰው ተቀጠረ። ታሂር ይባላል። ልብስ ሰፊ ነበር፤ የሚያሰፋ ሰው ጠፋና የስፌት መኪናውን ከደነ። ማንበብ ያስተማረው ሰው የለም፤ ራሱን በራሱ ነው ያስተማረ።

ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። የየመንደሩ ጭቃ ሹም የአባወራዎችን ስም አስጽፎ ልኳል። በር ላይ የደረሰ ሁሉ የአባወራውን ስም ይናገራል፤ ታሂር ወረቀቱን በጣቱ ያስሳል። ስሙ ከተገኘ ሰውየው ይገባል፣ ካልተገኘ ግንቡ ጥግ ይቆማል።

አንድ ቀን ግን ታሂር መቀመጥ አቃተው። ግንቡ ጥግ ሞላ፤ ስንዴው ደግሞ ዓይኑ እያየ ይጎድላል። አንዴ ወደ ጆንያው፣ አንዴ ወደ ግንቡ ይመላለሳል።

ከተመለሱት አንዷ እናቴ ሀጀራ ነበረች፤ እኔ ጀርባዋ ላይ ነኝ። እንደገና ቀረበች።

«የአባወራሽ ስም?»

«አባባ ናቸው።»

«እህቴ፣ ወረቀቱ ላይ አባባ የሚባል የለም! ስማቸውን ንገሪኝ።»

ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች።

«ወላሂ፣ እህሉ እያለቀ ነው!»

«የባሌን አባት ስም ከአፌ አላወጣም። ጎብዬ መንገድ ላይ ዛፍ ሥር ተኝተው ይጠብቁኛል። ለሳቸው እህል ልውሰድ ብዬ ሳቸውን ላዋርድ?»

ታሂር ወደ ግንቡ ዞረ። የቆሙት ሁሉ ሴቶች፣ ሁሉም ባለትዳር ናቸው። ወጉን ከልጅነቱ ያውቀዋል፤ በጥድፊያው ግን ትዝ አላለውም ነበር። «ያ ረቢ!» ብሎ ግንባሩን መታ።

ከኋላ አሚና የምትባል የእናቴ መንደርተኛ ሳቀች። «ሚስት ብታገባ ኖሮ ጧት ይገባህ ነበር፣ አንተ ልብስ ሰፊ!»

«እንግዲያ አንቺ ንገሪኛ፣ የሷ አማት ማን ናቸው?»

«እኔን ምን ይከለክለኛል? ለኔ ጎረቤት ናቸው።» ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «አራጌ ሙሀመድሰይድ!»

እናቴ ሻሿን ፊቷ ላይ ሳበች። የታሂር ጣት ወረቀቱ ላይ ወርዶ ወርዶ ቆመ።

«አለ!» አለ። «ግቢ፣ እህቴ።»

ከዚያ ሴቶቹን ከየመንደራቸው ሰው ጋር ሁለት ሁለት አድርጎ አቆማቸው። አንዷ የሌላዋን አማት እየጠራች ግንቡ ጥግ ሳሳ። ስንዴው ለመጨረሻዎቹ አልደረሰም፤ በማግስቱ ታሂር በሩ ሳይከፈት መጥቶ እነሱን አስቀደመ።

አያቴ በዚያ ስንዴ ቅንጬ ነፍስ ዘሩ፤ አልሐምዱሊላህ፣ እኔም ይኸው አለሁ። ታሂር ዝናቡ ሲመለስ ወደ መርፌው ተመለሰ፣ አገባም። እናቴ ዱዓ ስታደርግ የታሂርን ስም ሳትጠራ አታልፍም። የአያቴን ስም ግን እስከ ዛሬ ከአፏ ሰምቼ አላውቅም።