ከአሥር አሥር ያገኙ ሦስት ማረሻዎች

በደርግ ዘመን በእስቴ በግብርና ባለሙያነት ስሠራ፣ ለአካባቢው ገበሬዎች የሚታደል የተሻሻለ ማረሻ አወዳድረን እንድናቀርብ ከበላይ መሥሪያ ቤት ታዘዝን። ሥራው ለእኔ የተሰጠው በጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ሠንጠረዥ በጥንቃቄ የሚሞላ ሌላ ሰው ስላልነበረ ነው።

ለውድድር የቀረቡት ሦስት ነበሩ። አንደኛው ሁለመናው ብረት ነው፤ ሁለተኛው ከፊቱ ትንሽ መንኮራኩር ተገጥሞለታል፤ ሦስተኛው በመካነ ኢየሱስ ከተማ የሚኖር አንድ ብረት ቀጥቃጭ በነባሩ ሞፈር ላይ እንዲገባ አድርጎ የሠራው ነው። ቀጥቃጩ ሥራ አጥቶ ከተማውን ለቆ ሊሄድ ጓዙን ጠቅልሎ ነበር። የእሱ ከተመረጠ የወረዳውን ማረሻ የሚሠራው እሱ እንደሚሆን ስለተነገረው ቆየ።

ቅጹ ስለ ጥንካሬ፣ ለበሬ ስለ መቅለል፣ ለጥገና ስለ መመቸትና ስለ ዋጋ ይጠይቃል፤ ለእያንዳንዱ ከአሥር ነጥብ ይሰጣል። ስድስት ገበሬዎች ሠሪዎቹ ዳር ቆመው እያዩ ቀኑን ሙሉ በሦስቱም አረሱ። ነጥብ ስጠይቃቸው ሁሉም ለሁሉም አሥር ሰጡና ፈረሙ።

«አባ፣ ባለመንኮራኩሩ እኮ ሁለት ጊዜ ተገለበጠ» አልኳቸው፣ ከአራሾቹ አንዱ የነበሩትን ቄስ።

«አይቻለሁ ልጄ። ታዲያ ሰው ደክሞ የሠራውን እፊቱ ‹ሦስት› ልበለው? ነውር አይደለም እንዴ?»

«ለእሱስ ነጥብ ሳይሆን ሾፌር ቅጠሩለት!» አለ ሌላው። ሁሉም ሳቁ። ተናጋሪውም አሥር ሰጥቷል።

ተናድጄ አደርኩ። በማግስቱ አጠያየቄን ለወጥኩ፤ ማረሻዎቹን ሁለት ሁለቱን እያቀረብኩ፣ «አባ፣ ነገ የራስዎን ማሳ ቢያርሱ ከእነዚህ የትኛውን ተሸክመው ይሄዳሉ?» አልኩ። ሌሎቹንም እንዲሁ ጠየቅሁ። ማንንም መንቀፍ ስላላስፈለጋቸው አንደበታቸው ተፈታ። ማረሻ በትከሻ ዳገት እንደሚወጣ፣ ቅጹም ይህን ፈጽሞ እንደማይጠይቅ ያን ጊዜ አስተዋልኩ። ስድስቱም ከሌሎቹ ሁለቱ አስበልጠው የመረጡት ለመሸከም የሚቀለውን የቀጥቃጩን ነበር። ውጤቱን ከነምክንያቱ በሦስት ገጽ ጻፍኩ፤ ዛሬም አላፍርበትም።

አለቃዬ ገጾቹን አገላበጣቸው።

«ጓድ፣ ቅጹ የሚለው ከአሥር ነው።»

«ከአሥር ሲጠየቁ ይሉኝታ ያዛቸው እንጂ ያሰቡትን አልተናገሩም።»

«ፈርመውበታል አይደል? የፈረሙበት ይሄዳል፤ ያንተን አባሪ አድርገው።»

አባሪ አድርጌ ላክሁት። ቀጥቃጩ በየገበያው ቀን በቢሮዬ በር ብቅ እያለ፣ «የኔ ጌታ፣ ከላይ ምን አሉ?» ይለኛል። «እየታየ ነው» እለዋለሁ።

በመጨረሻ የመጣውን ደብዳቤ ቆሞ ሲሰማኝ አነበብኩለት። ሦስቱም ማረሻዎች በገምጋሚ ገበሬዎች እኩል ነጥብ ስላገኙ፣ በፋብሪካ በብዛት ሊመረት የሚችለው የብረት ማረሻ እንዲታደል ተወስኗል ይላል። ስለ አባሪው አንድም ቃል የለበትም።