ጭረት የማያጠፉት ሰዓት ሠሪ

የሐይቅ ከተማው ሰዓት ሠሪ ጋሽ እንድሪስ ባለፈው ሳምንት ወደ አኺራ ሄደዋል። ቀብራቸው ላይ ለመድረስ ላልቻላችሁ፣ ጅዳም ሪያድም ሆናችሁ ለሰማችሁ፣ ሰዓታችሁን ለጠገኑላችሁ ሁሉ ይህን የምጽፈው ተማሪያቸው ሙሐመድ ነኝ። አዝኛለሁ፤ ኩራቴ ግን ከሐዘኔ ይበልጣል፤ አልደብቀውም።

ጋሽ እንድሪስ ከጥገናው ጎን ለጎን አሮጌ የጃፓን የእጅ ሰዓት ይሰበስቡ ነበር። ፊቱ፣ ቆጣሪዎቹ፣ ማዞሪያው ያልተቀየረ፣ ከፋብሪካ የመጣው ራሱ ካልሆነ አይወስዱም። ሰው ሁሉ ስልኩን እያየ ሰዓቱን መሳቢያ ውስጥ ሲጥል፣ እርሳቸው ሽጡልኝ እያሉ ቤት ለቤት እየዞሩ ይለምኑ ነበር። የገዙትንም ከባለቤቱ አይለዩትም፤ ቤተሰቡ በዒድም በገናም መጥቶ የአባቱን ሰዓት አስሮ፣ ተጫውቶ፣ መልሶላቸው ይሄዳል። ውስጡን ያጸዳሉ፣ ዘይት ይቀባሉ እንጂ ላዩ ላይ ያለውን ጭረት አይነኩም። «ማሽኑ የጃፓን ነው፤ ጭረቱ የኛ ነው» ይሉ ነበር።

እኔ ለውጡ በመጣ ሰሞን ከጅዳ ተመልሼ ሥራ ሳጣ፣ ማነህ ሳይሉ ከጎናቸው ወንበር ሰጡኝ። ችሎታዬን ላሳይ ብዬ ግን ጉድ ሠራሁ። እርሳቸው ጁምዓ ሊሰግዱ በሄዱበት፣ የአንድ ሟች ዓሣ አጥማጅን ሰዓት ወልውዬ ብረቱን መስተዋት አስመሰልኩት፤ የሐይቁ ውሃ ያደበዘዘውን ፊቱንም ቀለም ቀባሁት። ሲመለሱ ምርቃት ነበር የጠበቅኩት። ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩት።

«ሙሐመድ፣ ያጠብከው ሰዓቱን ነው ሰውየውን?»

ምሳቸውን ግን እንደ ወትሮው አካፈሉኝ፤ ይበልጥ ያሳፈረኝም እርሱ ነው።

ጦርነቱ ሲቀርብ ከተማው ወደ ደሴ ተነቀለ። ጋሽ እንድሪስ ቅያሪ ልብስ እንኳ አልያዙም። ሰዓቶቹን ከአንጓቸው እስከ ክርናቸው በሁለቱም እጃቸው ደርድረው አሰሩና ጋቢ ደረቡባቸው። የሰፈር ወጣቶች በሚጠብቁት አንድ ኬላ ስንፈተሽ ጋቢው ተገለጠ። በዚያ ሰሞን ክንዱ ሙሉ ሰዓት ያሰረ ሰው ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ።

«ሌቦች! የማንን ቤት ዘርፋችሁ ነው?» አለ የሚፈትሸን ጠባቂ።

ሰዉ ከበበን፤ ድንጋይ ያነሣም ነበር። ጋሽ እንድሪስ ድምፃቸውን ሳያነሡ ሰዓቶቹን ፈትተው ለጠባቂው አስረከቡት።

«ልጄ፣ ዓይኔን ልጨፍንልህ። የፈለግከውን አንሣና መዳፌ ላይ አኑርልኝ።»

አኖረላቸው። በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

«ይኽች የውጫሌው ሾፌር የታደሰ ናት። መስተዋቷ ሰባት ቁጥር ላይ ተጭሯል። የግሸን ተሳላሚ ዕቃ ሲያወርድ ከአውቶቡሱ ብረት ጋር ተላትሞ ነው።»

ከተፈናቃዩ መሐል አንዲት እናት ጮኹ።

«ኧረ ልቀቋቸው! የባሌ ሰዓት ናት! እኔው ነኝ በእጄ የሰጠኋቸው፤ በየገናው እየሄድኩ አያታለሁ!»

ጠባቂው አላመነም። ሁለተኛውን ሰጣቸው፤ የማን እንደሆነ፣ የቱ ጋ እንደተጎዳና በምን እንደተጎዳ ነገሩት። ሦስተኛውንም ነገሩት። ድንጋይ የያዙት እጆች አንድ በአንድ ወረዱ። በአራተኛው የእኔው ጉድ መጣ፤ ያ የወለወልኩት ሰዓት። ዳበሱት፤ ልሙጥ ነው። የሚመሰክርለት አንዳች ነገር አልተውኩለትም። ያኔ ያጠፋሁት ምን እንደሆነ ገባኝ፤ በእኔ ጥፋት ሊወገሩ ነው አልኩ በልቤ።

«ይኼስ የማን ነው?» አለ ጠባቂው።

ዓይናቸውን ገለጡና የእኔን እጅ ስበው ሰዓቱን አሰሩልኝ።

«ይኼ የሙሐመድ ነው። ገና ምንም አልደረሰበትም።»

ጠባቂው የወደቀውን ጋቢ አንሥቶ መልሶ አለበሳቸው። «አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ። ጦርነቱ ሲያልፍ አንድም ሰዓት ሳይጎድል ሐይቅ ተመልሰን ገባን። ዛሬ ሁሉም እኔ ዘንድ አማና፣ አደራ ናቸው፤ እንደ ልማዳችሁ ኑና እዩዋቸው።

ጋሼ፣ መቃብርዎን ስቆፍር ድንጋይ ሰዓቴን መታው። ከሦስት ቁጥር እስከ ጠርዙ ድረስ ተጭሯል። ጓደኞቼ ወልውለው ይሉኛል፤ አልነካውም። ዓይኔን ጨፍኜ ስዳብሰው እርስዎን አገኛለሁ። አላህ ጀነተል ፊርደውስን ይስጥዎ፤ በሰላም ይረፉ። ምንም አልደረሰበትም ያሉት ሰዓት፣ ጋሼ፣ አሁን ደርሶበታል።