ብርድ ነው የተባለው ሳሌ

መጀመሪያ ያስታወቀኝ የቀሚሴ ዚፕ ነው። ጠዋት ጎኔ ላይ የዘጋሁት ዚፕ ትምህርት ክፍል ደርሼ ስቀመጥ ሆዴ ላይ ይገኛል። ወገቤ ቀሚሱን መያዝ አቅቶት ነበር። መርፌ ቁልፍ ሰካሁበትና ደብተሬን ገለጥኩ። ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ትኩሳት፣ ስነቃ እርጥብ ሆኖ የማገኘው ትራስ፣ የማይለቀው ሳል፣ ሁሉም ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው።

ይህን የምጽፈው የሳንባ ነቀርሳ ተገኝቶባችሁ መድኃኒት ለጀመራችሁ፣ በተለይም ከቤታችሁ ርቃችሁ ለምትማሩ ነው። የሚያጽናናችሁ ሰው አታጡም። ስለዚህ ማጽናናቱን ለሌሎች ትቼዋለሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ትምህርት የጀመርኩት ልጅነቴ ካለፈ በኋላ ነበር። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ካለው ቤታችን ቁልቁል እየወረድኩ፣ ልጆቼ ሊሆኑ ከሚችሉ ሕፃናት ጋር አንድ ወንበር ላይ ተጣብቤ ፊደል ቆጠርኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስጨርስ እኩዮቼ ትዳር ይዘው ቤት አቁመው ነበር። ስለዚህ ከሶሻሊስት አገሮች በአንዱ የቤተ መጻሕፍት ሙያ እንድማር ዕድሉ ሲደርሰኝ፣ ሁለተኛ እንደማይመጣ አውቅ ነበር። የአገሩን ስም አልጠራም። ጥፋቱ የእኛው የራሳችን እንጂ የነሱ አልነበረም።

የታመመ ተማሪ ወደ አገሩ ይመለሳል ይባል ነበር። ደንቡን በዓይኑ ያየ ሰው አላጋጠመኝም፤ ሁላችንም ግን እንፈራው ነበር። እናም ሳሌን ብርድ አልኩት። አገሩ በረዶ ነው፤ ማን ይጠረጥራል? በኛ ዘንድ በሽታ ሁሉ የሚገባው በመስኮት ነው። አውቶቡስ ውስጥ ስልሳ ሰው እርስ በርሱ ይተነፍስበታል እንጂ ጣት የምታህል ነፋስ አናስገባም። ይህን ጥበባችንን ባሕር አሻግረን ይዘነው ሄድን። የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ብርቄ የመስኮቱን ስንጥቅ በጋዜጣ ትጠቀጥቃለች፣ እኔ በላዩ ፎጣ እደርብበታለሁ።

“እቴ ወይንሸት፣ ስትስዪ እኮ አሮጌ ትራክተር ትመስያለሽ” ትለኝ ነበር። “ለጓድ ዳምጠው እነግርልሻለሁ፣ ለገበሬ ማኅበር ይስጥሽ።”

ጓድ ዳምጠው የተማሪዎች ማኅበራችን ሊቀ መንበር ነበር። ሰሚ ባይኖር እንኳ ራሱ ተናግሮ ራሱ የሚያጨበጭብ ዓይነት ሰው ነው። ከእኔ በብዙ ያንሳል፤ ሆኖም አብዮቱ አንቱታን ሽሯል እያለ በአንቺ ይጠራኝ ነበር። እሱን ግን “ጓድ ሊቀ መንበር” ካላሉት ዞር ብሎ አያይም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከመኝታ ቤቱ ምድር ቤት ይሰበስበናል። የኢምፔሪያሊስት ጆሮ እንዳይሰማን መስኮቱ ይዘጋል፣ መጋረጃው ይወርዳል፣ ሲጋራው ይለኮሳል። የምንወያየው ስለ ወጥ ቤት ጽዳት ነው።

ያ ጭስ ሲያፍነኝ መቅረት ጀመርኩ። ማኅበሩ ለግለ ሂስ ጠራኝ። ለማያውቁት ልንገራቸው፤ ግለ ሂስ ማለት ጓዶችህ ሳይሰድቡህ በፊት ቆመህ ራስህን የምትሰድብበት ሥርዓት ነው።

“ጓድ ወይንሸት፣ ከስብሰባ መቅረትሽን እንዴት ትገመግሚዋለሽ?” አለ ዳምጠው።

“አሞኝ ነው።”

“ሕመም ሰበብ ነው። መነሻው የንዑስ ከበርቴ ስልቹነት ነው። ግለ ሂስ የምታቀርቢው በሱ ላይ ነው።”

ከኋላ አንዱ ተቀበለው። “ብርድ ነው የምትለው እኮ! ብርድ ያልመታው ማን አለ ጓዶች?” ተሳቀ።

ቆምኩ። አየር አጠረኝ። “እባካችሁ መስኮቱን ክፈቱልኝ” አልኩ።

“መስኮቱ አይከፈትም” አለ ዳምጠው። “ምስጢር አለ።”

ሳልኩ። መሐረቤን አየሁት። ደም ነው።

ማንም አልተነሳም። ዳምጠው ወደ ቃለ ጉባኤ ያዡ ዞረና፣ “ይቺ አትመዝገብ” አለ።

ብርቄ ናት ክንዴን ይዛ ያወጣችኝ። ክሊኒክ ወሰደችኝ። አክታዬ ተመረመረ። ራጅ ተነሳሁ። ሐኪሟ ፀጉራቸው የሸበተ ሴት ነበሩ። ፊልሙን ወደ ብርሃን አነሱት።

“ይህ ብርድ አይደለም” አሉ። “ቲቢ ነው። በቀኝ ሳንባሽ አናት ላይ ካቪቲ አለ።”

ካቪቲ በሽታው በልቶ የተወው ባዶ ቦታ ነው። ከዚያ የፈራሁትን ጠየቅኋቸው።

“ማነው የሚመልስሽ? እዚሁ ታክመሽ እዚሁ ትማሪያለሽ” አሉኝ።

እንዲህ ያለ ደንብ በነሱ ዘንድ አልነበረም። በቤታቸው ደንብ የፈጠርነው እኛ ነን። እኔ ሐኪም ቤት ተኝቼ መድኃኒት ስጀምር፣ ማኅበሩ መስኮቱን ዘግቶ ተሰበሰበ፤ የታመመ ተማሪ የአብዮቱን ገጽታ ያበላሻል ብሎ ወሰነ፤ ከሚመለከተው ክፍል ጋር ተጻጻፈ። አክታዬ ከባሲል፣ ማለትም ከበሽታው ተህዋሲያን፣ ነፃ ሆኖ ለጉዞ እንደበቃሁ አሳፈሩኝ። ዳምጠው አውሮፕላን ጣቢያ ድረስ መጥቶ ነበር። ራቅ ብሎ ቆሞ እጁን አወዛወዘ።

ፈረንሳይ ለጋሲዮን ተመለስኩ። ጎረቤታችን እትዬ ዘርፌ ሊጠይቁኝ መጡ። አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው ከበሩ ጥግ ተቀመጡ።

“ወይኔ ልጄን! የፈረንጅ ብርድ እኮ ክፉ ነው። ምነው መስኮቱን ከፍታችሁ? ዝጉላት እንጂ! ካቲካላ በማር አጠጧት፣ ያልባት።”

“ሐኪም ይከፈት ብሏል” አለች እናቴ።

“ሐኪም ምን ያውቃል? እሱ አልበረደው!”

ከእሳቸው በኋላ የመጣውም ሁሉ ገና ሳይቀመጥ መስኮቱን ይዘጋል። ለጉንፋን የሚፈሩልኝን ያህል ለሳንባዬ አልፈሩልኝም። በመጨረሻ እናቴ አንድ ቀን የመስኮቱን መዝጊያ ከነማጠፊያው ነቅላ አልጋዬ ሥር ከተተችው። ጠያቂ ሲመጣ የሚዘጋው አጣ። የጠያቂውም ቁጥር ቀነሰ፤ ይኸም አልከፋኝም።

እንጦጦ ላይ ካለ የሳንባ ሕሙማን ማከሚያ የስትሬፕቶማይሲን መርፌ በየቀኑ፣ የአይሶናያዚድ ክኒን ደግሞ ከእሱ ጋር ታዘዘልኝ። መርፌው ጆሮዬን እንደ ደወል ያስጮኸው ነበር፤ እንዲህ ሲሆንባችሁ ለሐኪም ንገሩ እንጂ እንደ እኔ አትቻሉት። በባሕር ዛፉ መሐል ወደ ማከሚያው ሽቅብ ስወጣ መጀመሪያ ላይ በየግንዱ እየተደገፍኩ አርፍ ነበር። እያደር ግን ሳሉ ተወኝ፣ እንጀራው ጣመኝ፣ ዚፑ ጎኔ ላይ ረግቶ ዋለ።

ዋናው ፈተና የመጣው ያኔ ነው። ከላከኝ መሥሪያ ቤት ተጠራሁ። አንድ ባለሥልጣን ከላይ እስከ ታች አዩኝና ሳቁ።

“ምን ሆነሻል? ሙሽራ መስለሽ የለም እንዴ! ቦታሽ አልተያዘም። ሕክምናዋን ጨርሳለች የሚል ወረቀት ብቻ አምጪ። አሁን ካልሄድሽ ለሌላ ይሰጣል። ሐኪሙ ካስቸገረሽ እኛው እናስጽፈዋለን።”

ገና የመድኃኒቱ ብዙው ክፍል ይቀረኝ ነበር። ግን እውነታቸውን ነው፤ ጤነኛ መስያለሁ። ወደ እንጦጦው ሐኪም ወጣሁና ወረቀቱን ለመንኩት። አጭር ቃል የሚወድ ሰው ነበር።

“ድኛለሁ የምትሉበት ቀን ነው እኔን የሚያስፈራኝ” አለ። “ባሲሉ አልሞተም፤ አድፍጧል። አሁን ካቋረጥሽ ሲመለስ ይህን መድኃኒት አይፈራውም።”

“ትምህርቴስ?”

“ሳንባ ከሌለሽ የቱን ፊደል ልታነቢ?”

ቁልቁል ስወርድ አለቀስኩ። ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅሁት ወንበር ነው። ሳልሄድ ቀረሁ። ቦታው ለሌላ ተሰጠ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ረጅምና ጸጥተኛ ነበር፤ በየማለዳው ክኒኔን ውጬ መዝጊያ በሌለው መስኮት ሥር እየተቀመጥኩ፣ ከተራራው የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር የመጽሐፉን ገጽ ሲገልጥብኝ በእጄ ጫን እያደረግሁ፣ እዚያ የጀመርኩትን ትምህርት እዚህ በራሴ ቀጠልኩት፤ ኋላም ማታ እየተማርኩ ዲግሪዬን ያዝኩ። ዘገየ። መዘግየት ደግሞ ለእኔ አዲስ ነገር አልነበረም።

ሕክምናዬን ልጨርስ አካባቢ ከማከሚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ ስጠብቅ፣ ካፖርት የደረበ የከሳ ሰው መጥቶ ከወዲያ ጫፍ ተቀመጠ። “እመቤቴ፣ እባክዎ ያንን መስኮት ይዝጉልኝ” አለኝ። “ትንሽ ብርድ ይዞኝ ነው።”

በድምፁ አወቅሁት፤ ዳምጠው ነው። እሱም ቆይቶ አወቀኝ። “ጓድ ወይንሸት… እርስዎ ነዎት?”

አንቱታው ተመልሶ መጥቷል። በዚያ በተዘጋ የስብሰባ ክፍል ውስጥ በሽታውን ማን ለማን እንዳስተላለፈ አላውቅም። እዚያው ታክሞ እንደነበረ፣ ሲሻለው ለአገር ቤት ሹመት ቸኩሎ መድኃኒቱን እንዳቆመ፣ አሁን ግን መድኃኒቱ አልሠራለት እንዳለ ራሱ ነገረኝ። “ድኜ ነበር እኮ” ይላል ደጋግሞ። እንዳዝንለት የጠበቀ ይመስለኛል። ተነሳሁና ተዘግቶ የነበረውን ሁለተኛውን የመስኮት ክንፍም ከፈትኩት።

“እዚህ ምስጢር የለም” አልኩት።

ለብርቄ፣ ለሁለቱ ሐኪሞች፣ ከሁሉ በላይ ለእናቴ ምስጋናዬ አያልቅም። ለእናንተ ያለኝ ምክር ደግሞ ይኸው ነው። ሳል ከሰነበተ አክታችሁን አስመርምሩ፤ ጎረቤት ስም ያወጣለት በሽታ በስሙ አይድንም። መድኃኒቱን የሚያስቆማችሁ ሐኪም እንጂ የተመለሰ ምግብ ፍላጎት፣ የሞላ ጉንጭ፣ ወይም የሚያመልጥ ዕድል አይሁን። ያመለጠ ዕድል ላይመለስ ይችላል፤ የእኔው አልተመለሰም። እኔ ግን አለሁ።

መስኮቱንም ክፈቱ። በእናቴ ቤት መስኮት ክረምት ሲገባ ዝናቡ ወለሉን ያርሰዋል፣ እትዬ ዘርፌም ባዩኝ ቁጥር በብርድ ልትገድለን ነው ይላሉ። መዝጊያው አሁንም አልጋዬ ሥር ነው።