አምፖሏ ቀድማ በራች

ወንድሜን ኮሌጅ ውስጥ ሁሉም ሰው «ማለቴ» እያለ ነው የሚጠራው። ይንተባተባል። «ማለቴ» የምትለው ቃል ብቻ ሳትይዘው ስለምትወጣለት ወሬውን ሁሉ በሷ ይጀምራል። ጠዋት ሰላም ሲል እንኳ «ማለቴ፣ እንዴት አደርሽ» ነው የሚለው። ቅጽል ስሙን ያወጡለትን ልጆች አንድ ቀን አግኝቼ ልክ ላስገባቸው ነበር፤ እሱ ግን «ማለቴ፣ ከ-ከሌላው ስም ይሻላል» ብሎ አስቆመኝ።

ልጅ እያለ እናታችን ሳሙና ግዛ ብላ ትልከዋለች፣ ክብሪት ይዞ ይመለሳል። ረስቶ እንዳይመስላችሁ። «ሳ» ላይ ቆሞ ሲታገል ባለሱቁ ይሰለቸውና እጁ ላይ የገባውን አንስቶ «ይሄን ነው አይደል?» ይለዋል። እሱም ቶሎ ለመገላገል ራሱን ይነቀንቃል። ቤታችን የክብሪት መጋዘን እስኪመስል ድረስ እንዲህ ኖርን። እናቴ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ ትስቃለች፣ እኔ ደሜ ይፈላል። በመጨረሻ ሱቁ ድረስ ሄጄ ልክ ልኩን ነገርኩት። ያ ሰውዬ እስከ ዛሬ ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል፤ ይቀይር።

ኮምፒውተር ለምን እንደመረጠ ጠይቄው ነበር። ኮምፒውተር አያቻኩልም አለኝ። ስትጽፍ ብትቆም ጠቋሚዋ እዚያው ብልጭ ድርግም እያለች ትጠብቅሃለች፣ ፊቷን አታጨማድድም፣ ሰዓቷን አታይም። እኔ የምሠራው ፀጉር ቤት ነው፤ ከደንበኛ ጋር ሳያወሩ የማይዋልበት ሥራ ስለሆነ የመረጠውን ነገር ወደድኩለት። ፈተናው በጽሑፍ ሲሆን ያለምንም ችግር ያልፋል። የሚያስፈራው ሴሚናሩ ነበር።

የትምህርት ክፍላቸው አንድ ደንብ አለው። የሴሚናር ርዕስ አይመረጥም፣ ከካርቶን ውስጥ በዕጣ ይወጣል። ተማሪዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ያወጣሉ፤ ቀጥሎ ማን እንደሚናገርና ማን ኪቦርዱ ላይ እንደሚቀመጥም በዕጣ ይለያል። የወጣ ዕጣ አይቀየርም፣ ታምሜያለሁም አይሠራም። ባለፈው ዓመት ለወንድሜ የኢንተርኔት ደህንነት ደርሶት፣ አዳራሹ ፊት ቆሞ የመጀመሪያዋን ቃል ማውጣት ሳይችል ቀርቶ በሩን ከፍቶ ወጣ። ሴሚናር ላይ ሁለቴ የወደቀ ደግሞ ይባረራል። ስንት ዓመት የለፋበት ትምህርት በአንድ ጠዋት አፈር ይበላል ማለት ነው።

ዘንድሮ የደረሰው ርዕስ ድምፅ ሰምቶ የሚታዘዝ ኮምፒውተር ነበር። ተናጋሪውም እሱ ሆነ። ዜናውን ሲነግረኝ የደንበኛ ፀጉር እየተኮስኩ ስለነበር እንዴት እንዳላቃጠልኳት እሷና እኔ ነን የምናውቀው። ከሱ ጋር የተጣመረችው ልጅ ደግሞ አፏ ከእግሯ የሚፈጥን ስለሆነች «ፈጣኗ» ይሏታል። አንድ ሰዓት ብታወራ ትንፋሽ አያጥራትም። ኪቦርድ ደረሳት። ዕጣ ዓይን የለውም።

ሥራው በወሬ ብቻ የሚያልቅ አልነበረም። «መብራት አብራ» ሲባል ሰምታ ጠረጴዛ ላይ ያለች አምፖል የምታበራ ማሽን ሠርተው፣ ተናጋሪው በገዛ ድምፁ አዝዟት ማሳየት አለበት። ለዚህ ማሽኗ የሱን ድምፅ ደጋግማ ሰምታ መልመድ ነበረባት። ወንድሜ የእናቴ ጨርቅ የሚከመርበት ክፍል ውስጥ በሩን ዘግቶ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ ድምፁን በስልኩ ሲቀዳ ሰነበተ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጦ የቀዳውን ያስተካክላል። ለመሞከርም ከዚያው ከስልኩ ያጫውትላታል፤ አምፖሏ ቦግ ትላለች። እናቴ እልል ብላ ጎረቤት ሰበሰበች። እኔም አመንኩ።

ከሴሚናሩ በፊት በነበረው ቀን ከሰዓት ፈጣኗ ቤታችን መጣች።

«ስልኩን ተወውና እስቲ በአፍህ እዘዛት» አለችው።

«ማለቴ፣ መ… መ… መ…»

ማሽኗ ዝም አለች። ደገመ። አሁንም ዝም። ልጅቷ ኮምፒውተሩን ወደ ራሷ ጎትታ የቀዳቸውን ድምፆች አንድ በአንድ ከፈተች። እንደ ዜና አንባቢ የጠራ «መብራት አብራ» ብቻ ነው የሚሰማው።

«የተንተባተብክባቸው የታሉ?»

«ቆ-ቆረጥኳቸው።»

«ሁሉንም?!» ብላ ጮኸች። «ማሽኗ እንዲህ ስትናገር ሰምታህ አታውቅም እኮ!»

እንደገና ለማስተማር ቀናት ይፈጃል፤ የነበራቸው አንድ ሌሊት ነው። ወንድሜ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወለሉን ያያል። እናቴ የስፌት መኪናዋን አቆመች።

በማግስቱ አለቃዬን ጥርሴን አሞኛል ብዬ አዳራሹ የመጨረሻ ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ። የምትፈትነው ዶክተሯ ከፊት ሆና እስክሪብቶዋን ይዛለች። ሰዓት ሲያልቅ በሷ ጠረጴዛውን ትመታለች፤ ከመታች በኋላ አንድ ቃል አይጨመርም። ባለፈው ዓመትም የመታችው እሷ ናት።

ሳይጀመር ፈጣኗ ወደ እኔ መጥታ ጆሮዬ ሥር ጎንበስ አለች።

«እህቴ፣ አይዞሽ። የአምፖሏን ገመድ ለመሞከር ብለን ኪቦርዱ ላይ ያስገባናት ቁልፍ አለች። አፉን ሲከፍት እሷን እጫናለሁ፣ አምፖሏ ትበራለች። ማንም አያውቅም።»

«እሱስ ያውቃል?»

«ካወቀማ እሺ አይለኝም።»

«እግዜር ይስጥሽ» አልኳት። ለምን እዋሻለሁ፣ ልቤ እርፍ አለ።

ተጀመረ። ማብራሪያውን እየወደቀም፣ እየተነሳም፣ ላብ በላብ ሆኖ ተናገረው። ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ወንዶች ስልካቸውን ይነካካሉ፤ በክርኔ ጀርባቸውን ብደቁሳቸው ደስታዬ ነበር። ዶክተሯ ሰዓቷን አየች። የቀረው አምፖሏን ማሳየት ብቻ ነበር።

ማይክሮፎኑን አስጠጋ። «መ» አለና ከንፈሩ ተቆለፈ። የአንገቱ ሥር ተገተረ። አዳራሹ በሙሉ ሲታገል እያየው፣ ከኋላው ግድግዳው ላይ ትልቅ ጽሑፍ ወጣ፦ «ንግግር አልተሰማም»። አንዱ ሳቀ። ወንድሜ ዞሮ ጽሑፉን አነበበና ተመልሶ ሞከረ። «መ… መ…» አሁንም «ንግግር አልተሰማም»። ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አነሳች። እኔ ከወንበሬ ብድግ ማለቴን ያወቅኩት የጎኔ ሰው ሲጎትተኝ ነው።

አምፖሏ በራች።

አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፣ እጄ እስኪያመኝ። ወንድሜ ግን ገና «መ» ላይ ነበር። አምፖሏን አያት። ቀጥሎ ፈጣኗን አያት። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የአምፖሏን ገመድ ነቀለው።

«ማለቴ… ገ-ገ-ገና አልጨረስኩም።»

ጭብጨባው ቆመ።

«አምፖሏን ማን ነው ያበራት?» አለች ዶክተሯ።

«ማ-ማሽኗ አይደለችም።»

ፈጣኗ ፊቷ በርበሬ መስሎ ተነሳች። «እኔ ነኝ።»

«አንቺ ለሚቀጥለው ወሰነ ትምህርት ብቻሽን ትቀርቢያለሽ። ተቀመጪ።» ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞረች። «ማሽንህ ለምን አልሰማችህም?»

አለቀለት ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። እሱ ግን መለሰላት። የተያዘባትን ፊደል ሁሉ ልጽፍ ብል ወረቀት አይበቃኝም፤ ያለው እንዲህ ነው፦

«ድምፄን ስቀዳ የተንተባተብኩበትን ሁሉ ቆርጬ አወጣሁት። በእኛ ሙያ ዳታ ማጽዳት ይባላል። ቆሻሻ መስሎኝ ነው። ለካ እኔን ነው ያወጣሁት። ማሽኗ የምታውቀው ሌላ ሰው ነው።»

ይህን ብሎ እስኪጨርስ ሰዓቱ አልፏል። ዶክተሯ ጠረጴዛውን አልመታችም።

«የቆረጥካቸውን አጠፋሃቸው?»

«አ-አሉ።»

«አሰማን።»

ከድምፅ ማጉያው የወንድሜ መንተባተብ እየተከታተለ ወጣ። «መ… መ… መ…» አንዱ ሳያልቅ ሌላው። ስልክ የሚነካኩት ልጆች ቀና አሉ። የሳቀ የለም። እኔ አለቀስኩ፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ቤታችን ውስጥ የኖረውን ድምፅ በማጉያ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ዶክተሯ ጥቂት ጻፈችና ቀና አለች። «ማሳያህ ወድቋል፣ ለሱ ዜሮ ነው የምሰጥህ። ለምን እንደወደቀ ግን ከዚህ በላይ ሊነግረኝ የሚችል ሰው የለም። በቀረው ለጥቂት አልፈሃል። ቀጣዮች ይግቡ።»

ኮሪደሩ ላይ ላቅፈው ስሮጥ ፈጣኗ ቀደመችኝ። እንባዋ እየወረደ ደረቱን ገፋችው።

«ላንተ ብዬ እኮ ነው! ሰው ፊት ለምን አዋረድከኝ? ልትባረር ነበር እኮ!»

ሊመልስላት አፉን ከፈተ። ተያዘ። ምን ሊላት እንደፈለገ ገብቶኛል፤ እናቴም እኔም ዕድሜ ልካችንን እንዲህ ሲይዘው ቀሪውን እየጨረስንለት ነው የኖርነው። ቃሉ ምላሴ ላይ መጣ። ከንፈሬን ነከስኩ። ተማሪዎች እየተጋፉን ያልፋሉ። ልጅቷም ምን እንደሆነች እንጃ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ብላ አፍ አፉን ታየዋለች።

«ት-ት-ትንሽ ብትጠብቂኝ እኮ» አላት በመጨረሻ፣ «እ-እለው ነበር።»