ከል የለበሰው ብስክሌት

ሰው ከል ሲለብስ አይቻለሁ፤ ብስክሌት ከል ሲለብስ ያየሁት ግን እኛ ቤት ብቻ ነው። ወንድሜ በድንገተኛ ሕመም ከሞተ በኋላ ለቅሶ ደራሹ ገና እግሩ ሳይነቀል፣ አባቴ ጥቁር ቀለም ገዝቶ መጣና የልጁን አረንጓዴ ብስክሌት ከመሪው እስከ ጎማው መሸፈኛ ለቀለቀው። ደወሏን እንኳ አልማራትም። ከዚያ በረንዳው ላይ ግድግዳ አስደግፎ አቆመውና ማንም እንዳይነካው አለ። ማንም አልነካውም።

የሙት ዓመቱ ዕለት ሽማግሌዎች ከነፍስ አባታችን ጋር ሆነው ከላችንን ሊያስወልቁን መጡ። እኔና እናቴ አወለቅን። አባቴ ግን ጥቁር ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ «ሁለተኛ ይህን ነገር ያነሳብኝ ሰው ካለ ገዳም እገባለሁ። አልመለስም» አላቸው። አባቴ ያለውን የሚያደርግ ሰው ነው። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩና ተነሥተው ሄዱ፤ ከዚያ ወዲህ በቤታችን ስለ ልብስ የሚያነሳ ጠፋ።

እኔ ግን ያ ብስክሌት አንጀቴን አሳረረኝ። ጠዋት ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት ስወጣ በረንዳው ላይ ጠቁሮ ይሸኘኛል፤ ማታ ጠቁሮ ይቀበለኛል። ወንድሜን የማስታውሰው በዚያ አረንጓዴ ብስክሌት ቁልቁለቱን እየሳቀ ሲወርድ ነበር። ቀስ በቀስ ሳቁ ጠፋብኝና ጥቁሩ ብረት ብቻ ቀረ። ለዚህ ደግሞ አባቴን ተቀየምኩት።

አንድ ቅዳሜ አባቴ ለቀብር ወደ ጋሳይ ሄደ፤ እዚያው እንደሚያድር ተናግሯል። አረንጓዴ ቀለም፣ ብሩሽና ብርጭቆ ወረቀት ገዝቼ ብስክሌቱን ወደ ግቢው አወጣሁት። እናቴ ከበሩ ላይ አየችኝ።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ከሉን ላወልቅለት።»

«ኧረ በእመቤቴ ይዤሻለሁ! ገዳም ቢገባ አንቺ ነሽ የምትመልሺው?»

«አሁንስ መቼ ከእኛ ጋር አለ?»

ክፉ መልስ ነበር። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ ወደ ውስጥ ገባች።

ተናድጄ ነበር የጀመርኩት፤ የተናደደ ሰው ደግሞ ቀለም መቀባት የለበትም። ጥቁሩን እዚህም እዚያም ፋቅ ፋቅ አድርጌ አረንጓዴውን ደረብኩበት። መጀመሪያ አማረልኝ። ትንሽ ቆይቶ ቀለሙ ይጨማደድ ጀመር፤ ከሥር ያለው ጥቁር እየሟሟ ወጣና አረንጓዴውን አጨቀየው። በብሩሽ ስመላለስበት ባሰ። ከጉና ተራራ በኩል የሚመጣው ብርድ ደግሞ እንኳን ቀለም እርጥብ ጨርቅም አያደርቅም። ሁለቱንም አጥቼ መሐል ላይ ቀረሁ፤ ከሉም አልወለቀ፣ አረንጓዴውም አልመጣ።

የግቢው በር ተንጓጓ። አባቴ ነበር። ቀብሩ ቶሎ አልቆ ወደ ከተማ የሚመለስ የጎረቤት መኪና አግኝቷል።

ብሩሹን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። እናቴ ድምፁን ሰምታ ወጣችና በረንዳው ላይ ቆመች። አባቴ ቀስ ብሎ ተጠጋ፤ ጣቱን ብስክሌቱ ላይ አሳረፈና አንስቶ አየው። ከዚያ ወደ ቤት ገባ።

ከውስጥ ሣጥን ሲጎተት ተሰማ።

«ልብሱን እየሰበሰበ ነው» አለች እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አላልኩሽም?»

ገብቼ እግሩ ላይ ልወድቅ አሰብኩ፤ ብሩሹን አስቀምጬ ጥቂት እንደተራመድኩ ግን ቆምኩ። ከእናቴ ዓይን የምገባበት አጣሁ።

ሲወጣ ከሣጥኑ ያወጣውን የደነዘ ቢላዋ በእጁ ይዟል። ዱካ ስቦ ብስክሌቱ አጠገብ ተቀመጠና የቀባሁትን ይፍቅ ጀመር።

«አባባ፣ የእሱ ቀለም እኮ ነው!» አልኩ፤ ለቅሶዬ ቀደመኝ።

«ቀለሙስ የእሱ ነው» አለ ቀና ሳይል። «ጥቁሩን ሳታነሺ ደረብሽበት እንጂ። እንዲህ ሆኖ አይይዝም። እኔ እኮ ሁለት ጊዜ ነው የቀባሁት፤ ወፍራም ነው። ነይ፣ ያንን ብርጭቆ ወረቀት ይዘሽ በዚያ በኩል ያዢ።»

ያዝኩ። እሱ በቢላዋ፣ እኔ በወረቀት ፋቅን። ከመቀመጫው በታች ጥቁሩ ተላጠና የድሮው አረንጓዴ ብቅ አለ፤ የአውራ ጣት ጥፍር ቢያክል ነው። የአባቴ እጅ ቆመ። ጣቱን እዚያ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየና እንደገና ቢላዋውን አነሣ።

የጃኬቱ እጅጌ እርጥቡን ቀለም እየነካ አስቸገረው። አንዴ ጠቀለለው፤ ተመልሶ ወረደ። ደግሞ ጠቀለለው። በመጨረሻ ተበሳጭቶ አወለቀውና አጥሩ ላይ ጣል አደረገው። እናቴም እኔም እንዳላየን ሆንን።

ፀሐይዋ ስትዞር ብርዱ ጠና። አባቴ በሸሚዝ ብቻ ሆኖ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ዓይኑ ወደ አጥሩ ሄደ። አሁን ይነሣል፣ አሁን ጃኬቱን ያነሣል እያልኩ በዓይኔ ጫፍ እከታተለው ጀመር።

እናቴ ወደ ቤት ገብታ ተመልሳ ወጣች። ልጁ ከሞተ ጀምሮ ሣጥን ውስጥ የኖረውን የአባቴን ቡናማ ኮት ይዛለች። ከኋላው ቆማ ዘረጋችለት። እኔ መፋቄን አላቆምኩም፤ ቀና ካልኩ ሁሉም የሚፈርስ መሰለኝ።

አባቴ ዓይኑን ከብስክሌቱ ሳያነሳ፣ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ እጅጌውን ፈለገ።