ከአባቴ የወረስሁት ትንፋሽ

ከእንጅባራ ከተማችን ከቆሰበር ልወጣ በዋዜማው ዘመድ ሁሉ ቤታችን ተሰብስቦ ስለ አሜሪካ ብርድ አወራ፤ አንዱም ከባሕር ዳር አልፎ አያውቅም። ደገኛ ነህ፣ ምን ትሆናለህ አሉኝ። በእኛ አገር ደገኛ መሆን እንደ ዲግሪ ይቆጠራልና እኔም ደረቴን ነፍቼ ሄድሁ።

በዲቪ ኮሎራዶ ገባሁ። ሥራ ያገኘሁት ተራራ አናት ላይ ባለ ሪዞርት፣ ሳህን አጣቢነት ነው። አለቃዬ ኢትዮጵያዊ መሆኔን ስትሰማ ከፍታ በደማችሁ ነው፣ ሁላችሁም ሯጮች አይደላችሁ ብላ ወዲያው ቀጠረችኝ። እኔ ሮጬ የማውቀው ባጃጅ እንዳያመልጠኝ ነው። ግን አዎ፣ እስከ ሰባት ቤት ድረስ አልኋት። እራታችን በቺዝ የተለወሰ ማካሮኒ ነው፤ የእንጅባራ ውሻ አሽትቶ ያልፈዋል።

በሁለተኛው ቀን ትንፋሽ አጠረኝ፤ ስስል ደም ያለው አረፋ ወጣ። ተሸክመው ቁልቁል አወረዱኝ። ሐኪሙ ሳንባህ ውሃ ቋጥሯል፣ ያመመህ ከፍታው ነው፣ ደጋ መወለድ ሁሉንም ሰው አያድንም፣ አንዳንዱ ደግሞ በዘር ይጋለጣል አለና ከቤተሰብህ እንዲህ የታመመ አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ማንም የለም አልሁ፣ ኮራ ብዬ። የእኛ ሰው ፈረስ ሲገዛ የፈረሱን እናትና አባት ሳል ሳይቀር ይጠይቃል፤ የራሱን ቤት በሽታ ግን ልጄን የሚያገባ አጣለሁ ብሎ ይቀብራል። እኔም ያው ነኝ።

ነገሩን እንዳልተወው ግን ይበልጣል የሚባል ታናሽ ወንድም አለኝ። እሱም ዲቪ ደርሶት እሑድ ይሳፈራል፤ እዚያው ሪዞርት ያስቀጠርሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ደወልሁና እናቴን አፋጠጥኋት።

«አባትህም ነፍሱን ይማረውና ጮቄ ተራራ ወጥቶ እንዲሁ አረፋ ደፍቆት በቃሬዛ ወረደ» አለችኝ በሹክሹክታ። «ወንድሙማ እዚያው ቀረ። መጋኛ ነው ብለን ዝም አልን።»

ለይበልጣል ንገሪው ብላት፣ እህቴን ለልጃቸው ሊያጋቡ ሽማግሌ የላኩ ሰዎች ዘራችንን እያጠኑ ስለሆነ እስኪጨርሱ ዝም በል አለችኝ። ልጇ እሑድ ይሄዳል፣ እሷ ስለ ሠርግ ታወራለች። ተናደድሁ። ስልኩን ለይበልጣል ስጪው ብዬ ሁሉንም ነገርሁት።

ሳቀብኝ። «አንተ ስላቃተህ እኔንም ያቅተኛል? አሜሪካን ብቻህን ልትበላት ነው።»

«እማዬ አጠገብህ ናት፤ የአባባን ነገር ጠይቃት» አልሁት።

ጠየቃት።

«የለም ልጄ» ስትል ሰማኋት። «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር የለም።»